ውኃ የጠጣችው ጠጠር

በኋላ የተጸጸትኩባቸውን ብዙ ቃላት ተናግሬ አውቃለሁ፤ አብዛኛዎቹንም ረስቼአቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር፣ አንድ ምሽት በስልክ የተናገርኳት ተረት ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም። ተረቷን ሁላችንም እናውቃታለን። የእኔን ለየት የሚያደርጋት፣ ስናገራት በአንድ እጄ ስልክ፣ በሌላው እጄ ደግሞ እውነተኛ ጠጠር ይዤ መሆኔ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሰኔ ነው። የባለቤቴ የአክስት ልጅ ከወሎ፣ ከደላንታ ተነሥቶ፣ በጋሸና፣ በደብረ ታቦርና በወረታ አድርጎ፣ የግራ እግሩን በእንጨት አሳስሮ ባሕር ዳር ገባ። ዕድሜው 26 ነው፤ ሥራው ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ መቆፈር ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ያራሰው የዋሻ አፍ ተንዶ ቅልጥሙን ሰብሮታል፤ የሰፈሩ ወጌሻ ቢያስርለትም አጥንቱ ሳይገጥም ቀርቷል። ደሴ ይቀርበው ነበር፤ ደሴ ግን የሚያርፍበት ዘመድ የለውም። ስለዚህ እኛ ቤት 22 ቀን ተቀመጠ። ለሕክምናው ይዞት የመጣው ገንዘብ ሲያልቅበት 12,000 ብር አበደርኩት። ሥራዬ ሂሳብ ነው፤ 31 ዓመት የሌላ ሰው ገንዘብ ስቆጥር ስለኖርኩ ለዘመድም ቢሆን ያለ ወረቀት አላበድርም። ልጁ ወረቀቱን ያለ ቅሬታ ፈረመ። ሊሄድ ሲነሣ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ከኪሱ በጥጥ የተጠቀለለች፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ድንጋይ አወጣና «መያዣ ትሁንዎ፣ ጋሼ» አለኝ።

መልኳ ፈዘዝ ያለ የማር ቢጫ ነው። በመስኮቱ ብርሃን ባዟዟርኳት ቁጥር ግን ከውስጧ አረንጓዴ ይነሣል፣ ብርቱካናማ ይከተለዋል፣ አንድ ጥግ ላይ ደግሞ የከሰል ፍም የመሰለ ቀይ ብልጭ ብሎ ይሰወራል። ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከውል ወረቀቱ ጋር አስቀመጥኳት።

ታንኳ ስትደርቅ

እዚህ ላይ ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ፤ ምክንያቱም ማወቅ የነበረብኝን ነገር ልጁ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር። እግሩ በጄሶ ከታሰረ በኋላ ቤት መዋል ስለሰለቸው፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከነክራንቹ በባጃጅ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰድኩት። ደጋ ላይ፣ በገደል አፋፍ ላደገ ሰው ጣና ግራ የሚያጋባ ነገር ነው፤ «ይህ ሁሉ ውኃ ሜዳ ላይ እንዴት ቆመ?» ብሎ ጠየቀኝ። በጥንት ዘመን የፈሰሰ ላቫ ቀዝቅዞ የዓባይን መውጫ እንደ ግድግዳ ስለገደበው ነው ብዬ የማውቀውን ነገርኩት። የዳሩን ጥቁር ድንጋይ በክራንቹ ጫፍ መታ መታ አደረገና፣ «ይህ ጎበዝ ነው፤ ውስጡ ግን ምንም የለበትም» አለ። ስለ ድንጋይ እንደ ሰው ሲያወራ ሰምቼ ሳቅሁ።

ትንሽ አለፍ ብለን ሁለት የደንገል ታንኳዎች ዛፍ ተደግፈው ቆመው አየ። ለምን እንደቆሙ ባለታንኳውን ቢጠይቀው ሰውየው፣ «ደንገል ውኃ ይጠጣል። ሲጠጣ ይከብዳል፤ ካላደረቅኸው ነገ አይሸከምህም» ሲል መለሰለት። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «የእኛም ድንጋይ እንደዚሁ ናት እኮ፣ ጋሼ» አለኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ያላዳመጥነውን ነገር በጨዋነት የምናሳልፍበትን ዓይነት አነቃነቅ ነው፤ በስብሰባ ብዛት የተካንኩበት ነገር ነው።

ብርጭቆው

ልጁ ወደ ሀገሩ በተመለሰ በአራተኛው ቀን አንድ ጎረቤቴ ቡና ሊጠጣ መጣ። ባለቤቴ ቡናውን አቅርባ ወደ ታመመች ጓደኛዋ ስለሄደች እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ድንጋይዋን አሳየሁት። «አቧራ ይዟታል፤ ብታጥባት ይበልጥ ታበራለች» አለኝ፤ ምክሩም ትክክል መሰለኝ። በብርጭቆ ውኃ ቀድቼ ከተትኳት። ከድንጋይዋ ጥቃቅን አረፋዎች እየተነሡ ወደ ላይ ወጡ፤ «ቆሻሻው እየለቀቀ ነው» ተባባልን። በረካው ተጠጥቶ ሲያልቅ ብርጭቆውን አነሣሁት። ባዶ መሰለኝ። ድንጋይዋ አልጠፋችም፤ ነገር ግን አረንጓዴው የለም፣ ፍሙም የለም፤ ከሥር የቀረው የበረዶ ስባሪ የመሰለ፣ ማዶውን የሚያሳይ ነገር ነው። ጎረቤቴ ወደ አምፖሉ አንሥቶ አየና «መስታወት ነው፤ ቀለም ቀብቶ ነው የሰጠህ» ብሎ ፈረደ።

ያን ጊዜ ያደረግሁትን ሳላሳምር ልጻፍ። ባለቤቴ እስክትመለስ አልጠበቅሁም። እስኪነጋም አልጠበቅሁም። ደወልኩለት፤ ሰላምታውን እንኳ ሳላስጨርሰው «ወርቅ ላበደረ ጠጠር ሲባል የምሰማው ለካ ለእኔ ኖሯል!» አልኩት።

ወዲያ ማዶ ዝም አለ። ከሩቅ የውሻ ጩኸት ይሰማኛል። ከዚያም ስለ ስድቡ አንዲት ቃል ሳይመልስ፣ «ጋሼ፣ ውኃ አስነክተዋታል እንዴ?» አለኝ።

«አዎ፣ አጥቤአታለሁ። ታዲያስ?»

«በሉ ያውጧትና ንጹሕ ጨርቅ ላይ ያኑሯት። ፀሐይ ላይ እንዳያሰጧት፤ ምድጃ አጠገብም አይሁን፤ ድንገት ስትደርቅ ልትሰነጠቅ ትችላለች። ቀስ ብላ ትድረቅ። አብሽሩ፣ ትመለሳለች።»

ከዚያ በኋላ «እትዬ ደኅና ናት?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ደኅና መሆኗን ነግሬው ስልኩን ዘጋን። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ፤ እኔም አፋፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቢሰድበኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። የነገረኝን ማመንም አለማመንም አቅቶኝ ድንጋይዋን በመሐረብ ላይ አኖርኳት።

በማግስቱ ጠዋት ደብዝዛ ነበር። ወደ ማታ እንደ ኖራ ነጣች፤ ብርሃን የማያሳልፍ ድፍን ነጭ ሆነች። ሞተች ብዬ ደመደምኩ፤ መልሼ ልደውል ስልኬን አንሥቼም ነበር፤ ምን እንደምል ስላላወቅሁ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ነጩ ከዳር ከዳር መግፈፍ ጀመረ። በአራተኛው ቀን ከሥራ ስገባ በአንዱ ጠርዟ በኩል አረንጓዴ ነገር ሽው አለብኝ። በአምስተኛው ቀን ፍሙ በቦታው ነበረ። ባለቤቴ እስከዚያ ድረስ ሁሉንም ሰምታለች፤ ድንጋይዋን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፣ ምንም ሳትል ወደ ማድ ቤት ገባች።

ገደሉ

ከዚያ ወዲህ ስለዚህች ድንጋይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ ልጁንም በየሳምንቱ እየደወልኩ ስጠይቀው ከረምኩ። ለይቅርታ ያልተፈታ አንደበቴ ለጥያቄ ፈጣን ነበር ማለት ይቻላል።

የደላንታ ገደል ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የተነባበረ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። ባዛልት ፈሰሰ፤ በላዩ የጋለ አመድ ወርዶ ደነደነ፤ እንደገና ባዛልት፣ እንደገና አመድ፤ በመሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ እንጀራ ኦፓል ያለባት አንዲት ናት፤ ውፍረቷም አንድ ሜትር አይሞላም። ውኃ በአመዱ ውስጥ እየሰረገ ሲሊካ የሚባለውን የመስታወትና የአሸዋ ዘመድ አሟሙቶ ይዞ ይወርዳል፤ ሸክላማ አፈር ዘንድ ሲደርስ ማለፊያ ያጣና በየስንጥቁና በየባዶው ቦታ ይረጋል። የረጋው ነገር በዓይን የማይታዩ ሉሎች ስብስብ ነው፤ የእያንዳንዱ ሉል ስፋት ከ150 እስከ 300 ናኖሜትር ገደማ ነው። ሉሎቹ መጠናቸው እኩል ሆኖ በሥርዓት ከተደረደሩ ብርሃኑን በየቀለሙ ይለያዩታል፤ ካልተደረደሩ ድንጋዩ ተራ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ጎረቤቴ «ቀለም ቀብቶ» ያለው ነገር ቀለም አልነበረም፤ አሰላለፍ ነበር።

የወሎን ኦፓል ከብዙዎቹ የሚለየው ደግሞ በሉሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ክፍት መሆኑ ነው። ሃይድሮፌን ይሉታል። ውኃ ሲያገኝ በውስጡ ያለውን አየር አስወጥቶ ውኃውን ይጠጣል፤ እኔ ቆሻሻ ያልኩት አረፋ ያ አየር ነው። ውኃው ክፍተቱን ሲሞላው በሉሎቹና በመካከላቸው ባለው ነገር መካከል የነበረው ልዩነት ይጠብና ብርሃኑ ሳይሰበር ያልፋል፤ ነጠላ ሲረጥብ ገላን እንደሚያሳይ ማለት ነው። ነጠላዋ አልተቀየረችም። ስትደርቅ ያው ነጠላ ናት።

ይህን ሳነብ በሐሳቤ የሚመላለሰው ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ ጋፋት ላይ የተሠራውን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ያስጎተቱት በዚሁ ምድር ነው፤ በቤተ ሆር በኩል ወደ ጅጣ ሸለቆ ወርደው፣ የደላንታን ሜዳ አቋርጠው፣ በበሽሎ ገደል። በየቁልቁለቱ መንገድ እየቆፈሩና ድንጋይ እየፈነቀሉ ነው ያለፉት። ከእግራቸው በታች ምን እንዳለ ማንም አላወቀም፤ ቢያውቁስ ያን ጊዜ ምን ይጠቅማቸው ነበር? እነሱ የሚሹት መንገድ ነበር። የዚያ ሜዳ ልጆች ከገደሉ ውስጥ ያለው ጠጠር ዋጋ እንዳለው ያወቁት በ2000 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በ1980ዎቹ በመንዝ በኩል የተገኘው ኦፓል አብዛኛው ስለሚሰነጠቅ በውጭ ገበያ የኢትዮጵያን ድንጋይ ስም አጉድፎት ነበርና፣ የደላንታው ድንጋይ ወደ ገበያ የገባው የታላቅ ወንድሙን ዕዳ ተሸክሞ ነው ማለት ይቻላል።

አቆፋፈሩን ልጁ ሲነግረኝ ያለ አንዳች ማጋነን ነው። ንብርብሯ በገደሉ ግድግዳ ላይ እንደ መቀነት ታልፋለች፤ እነሱ በቀጭን ዱካ እየተንጠለጠሉ ይወርዱና መቀነቷን ተከትለው ወደ ጎን ይገባሉ። መሣሪያቸው ዲጅኖ፣ መዶሻ፣ መሮና የግንባር ባትሪ ነው። ንብርብሯ ቀጭን ስለሆነች ዋሻውም ዝቅተኛ ነው፤ ተንበርክኮ ገብቶ ተኝቶ መቆፈር ነው። ጣሪያውን በእንጨት መደገፍ እንዳለባቸው ያውቃሉ። እንጨቱን ግን ከአፋፉ በሸክም ማውረድ ያስፈልጋል፤ እንጨት ሲሸከም የዋለ ሰው ደግሞ ያን ቀን አልቆፈረም። «ሳምንት ሙሉ ምንም የማይገኝበት ጊዜ አለ» አለኝ፤ «ምንም ሳይገኝ እንጨት መግዛት ደግሞ ለራስ መቃብር ማገር እንደመማገር ነው የሚመስለው።» ይህን ሲለኝ አልሳቀም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጉዳዩ ብዙ ሳልርቅ። ያ ገደል የሚያወርደው ጎርፍ በጅጣና በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ከጣና የወጣውን ዓባይ በረሃ ውስጥ ወርዶ ያገኘዋል። የእኔ ብርጭቆ ውኃና የልጁ ድንጋይ ቀድሞም ዝምድና ነበራቸው ብዬ ራሴን ለማጽናናት የሞከርኩበት ምሽት ነበር። አላጽናናኝም።

የሚጠብቅና የማይጠብቅ

እኔን በሂሳብ ሠራተኛነቴ ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ የሚዛኑ ነገር ነው። ጥሬ ኦፓል የሚሸጠው በክብደት ነው። ውኃ የሚጠጣ ድንጋይ ደግሞ ሲጠጣ ይከብዳል፤ አንዳንዱ ከመቶ አሥር እጅ ገደማ ይጨምራል። ከዋሻ የወጣ ድንጋይ እርጥብ ነው። ስለዚህ ገዢው «የውኃ» ብሎ ይቀንሳል። የሚቀንሰው ግን እንደ ውኃው መጠን አይደለም፤ እንደ ሻጩ ችግር ነው። ድንጋዩ ደርቆ ቢመጣም «ማን ያውቃል?» ብሎ ይቀንሳል። በሌላ በኩል ሆን ብሎ ዘፍዝፎ የሚያመጣ ሻጭም እንዳለ ልጁ አልደበቀኝም። እንዲህ ሆኖ ጥርጣሬው ከሁለቱም ወገን የሚበላው አግኝቶ ይኖራል፤ ሁለቱም ደግሞ እውነት አላቸው።

መፍትሔው ቀላል ይመስላል፤ አድርቆ መሸጥ ነው። ድንጋይዋ እኔ መሐረብ ላይ በአምስት ቀን ደርቃለች። ከዚያም በላይ ወራት አቆይቶ የሚሰነጠቀውንና የማይሰነጠቀውን ለይቶ መሸጥ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ገዢው «ነገ ቢሰነጠቅብኝስ?» ብሎ ዋጋ የሚሰብርበት ምክንያት አይኖረውም። ይህን ለልጁ ስነግረው በትዕግሥት አዳመጠኝ፤ ከዚያ «ጋሼ፣ በእነዚያ ወራት ምን እንበላለን?» አለኝ። በማኅበር የሚሠሩት ከእሱ ጋር ሰባት ናቸው። ድንጋይ በተገኘ ዕለት ሰባት ቤት ይጠብቃል፤ በዱቤ የተወሰደ ዱቄት አለ፣ የተሰበረ ዲጅኖ አለ፣ አሁን ደግሞ የተሰበረ እግር አለ። እነሱ ዘንድ ድንጋይ አያድርም።

የሚያድረው ወደ ፊት ሲሄድ ነው። ደላላው ዘንድ ጥቂት ቀን፣ ነጋዴው ዘንድ ጥቂት ሳምንት፣ ላኪው ዘንድ ወራት ያድራል፤ ብዙው ተቆርጦ የሚሞረደው ሕንድ ውስጥ፣ ጃይፑር ነው፤ በየደረሰበት ማደር በቻለ ሰው እጅ ዋጋው ይጨምራል። እሴት መጨመር ሲባል በየስብሰባው የምሰማው ስለ መቁረጫ ማሽንና ስለ ሥልጠና ነው፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ አልክድም። ነገር ግን ከሁሉ በፊት የሚጨመረው እሴት አምስት ቀን ነው። የአምስት ቀን እህል ያለው ሰው የደረቀ ድንጋይ ይሸጣል፤ የሌለው እርጥቡን ይሸጣል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚለው ተረት ባለ ወርቁን የሚወቅስ ነበር የሚመስለኝ፤ የያዘውን ዋጋ ያላወቀ ተብሎ። ልጁ ግን የያዘውን ከማንም በላይ ያውቃል። እንደ መዳብ እንዲቆጥረው የሚያስገድደው የምሽቱ መምጣት ነው።

ወደ ራሴ ስመለስ የሚከነክነኝም ይኸው ነው። እኔ ደመወዝተኛ ነኝ። ጎተራዬ ባዶ አልነበረም፤ 12,000 ብሩም ለዚያ ወር አላስፈለገኝም። የተፈረመ ወረቀት በቁም ሣጥኔ አለ። ከደላላው ሁሉ ይልቅ መጠበቅ የምችል ሰው እኔ ነበርኩ። አንዲት ሌሊት አልጠበቅሁም። ገዢዎቹ «የውኃ» ብለው ሲቀንሱበት ቢያንስ ሚዛን ፊት ቆመው ነው፤ እኔ የቀነስኩበት ሐይቁ ዳር የነገረኝን ሰምቼ ነው።

ይቅርታውን በስልክ ሞክሬ ነበር። በነሐሴ ይመስለኛል፣ «ያን ዕለት የተናገርኩት...» ብዬ ስጀምር «ኧረ ይተዉት ጋሼ፣ አዲስ ገዢ ሁሉ እንደሱ ይላል» ብሎ አቋረጠኝ። በትሕትና ነው የተናገረው። አዲስ ገዢ መባሉ ግን ከስድብ በላይ ተሰማኝ።

ጥር

ከጥምቀት በኋላ መጣ። ክራንቹን ትቶ ከዘራ ይዟል። ብሩን በሁለት ጊዜ በባንክ ልኮ፣ የቀረውን 3,000 ብር በፖስታ አድርጎ ይዞ ነበር። ጊዜ እንዳለውና ለሌላ ነገር እንዲያውለው ብነግረው እምቢ አለ፤ ባለቤቴም «ተቀበለው» በሚል ዓይን አየችኝ፤ ተቀበልኩት። ወረቀቱን ሰጠሁት፤ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ጥጡን አመጣሁ።

ገለጥ አድርጎ ወደ መስኮቱ ያዛት፤ አገላበጣት። ስንጥቅ እየፈለገ መሆኑን አውቄ ትንፋሼን ያዝኩ። ሲጨርስ ምላሱን አወጣና ጫፉ ላይ አስቀመጣት። ድንጋይዋ ተጣብቃ ቀረች፤ ራሱን ወደ ታች ቢደፋም አልወደቀችም። ልጆቼ በሳቅ ፈረሱ። በጣቱ አላቀቃትና «ደርቃለች። የደረቀች ናት ምላስ የምትይዘው፤ ውኃ ስለሚጠማት» አለ።

በሸሚዙ ጫፍ ጠረግ አድርጎ ወደ እኔ ዘረጋት። «እስኪ እርስዎም ይሞክሯት።»

ባለቤቴ ድስቱን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ምላሴን አወጣሁ።

«ያዘችዎ?»

ሁለት ጊዜ ብሞክር ቃሉ አልወጣልኝም፤ በራሴ ንቅናቄ መለስኩለት።